ካታማራን ጀልባን በተሳቢ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ መጎተት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣና ለጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም። በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የእኛ ጀልባ ግን የምታድረው ሐይቁ ዳር ሳይሆን አዘዞ፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። ስለዚህ ጣና በወረድን ቁጥር ከኋላችን እየጎተትናት ነው። በየቆምንበት ሰው ይከበናል። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ስትመጣ አገር ካየ ወዲህማ ጠያቂው በዝቷል። ደጋግሞ የሚመጣውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ።

ካታማራን ምንድን ናት? ታንኳ ናት?

አይደለችም። የጣና ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ አካሉም አንድ ነው። ካታማራን ግን ሁለት ቀጫጭን የፋይበርግላስ ቀፎዎች አሏት። ጎን ለጎን ሆነው በአሉሚኒየም አግዳሚዎች ይያያዛሉ። መሃላቸው ላይ እንደ ጠፍር አልጋ የተወጠረ ሸራ አለ፤ ሰው የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። የምትሄደው ምሰሶዋ ላይ በሚሰቀል ሌላ ሸራ፣ በነፋስ ነው። የነዳጅ ወረፋ ለሰለቸው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርግጥ ሐይቁ ድረስ የሚጎትታት መኪና ነዳጁን አይተውም።

ስንት ትመዝናለች? የኔ መኪና ይችላታል?

በዓለም ላይ በብዛት የምትታየውን ሆቢ 16 የተባለችውን ካታማራን እንውሰድ። ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ወርዷ 2.41 ሜትር፣ ክብደቷ 145 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ አትሞላም ማለት ነው። ተሳቢው፣ የነፋስ ሸራው፣ ስኮርታ ጎማውና ጓዙ ሲጨመር 350 ኪሎ ግድም ይመጣል። ለፒክአፕ ይህ ጭነት አይባልም።

ሰው የሚሸወደውም እዚሁ ላይ ነው። ቀላል ስለሆነች ከኋላ መኖሯን ይረሳታል። ወርዷን ግን ከሂሉክስ ጋር አስተያዩት። ሂሉክስ 1.8 ሜትር ገደማ ነው። ጀልባዋ በግራም በቀኝም 30 ሳንቲ ሜትር ትወጣለች። መኪናችሁ ያለፈበት ክፍተት ለእሷ ይበቃል ማለት አይደለም። ስፖኪዮ ላይ የሁለቱም ቀፎዎች ጠርዝ መታየት አለበት።

ትንንሽ የቤት መኪና ያላችሁ ሰዎች መጀመሪያ የመኪናውን መጽሐፍ እዩ። አንዳንዱ ምንም እንዳይጎትት ተጽፎበታል። ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ የጉልበቱ አምስተኛ እጅ ቀድሞ ሄዷል። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስትወርዱ አይታወቃችሁም፤ ስትመለሱ ያቃስታል።

ተሳቢውን ጎንደር ላይ ማሠራት ይቻላል?

ይቻላል። የእኛም እዚሁ የተበየደ ነው። ብየዳ ላይ ጎበዝ ልጆች አሉን። ግን በያጁ የለመደው እህልና ድንጋይ የሚጭን ተሳቢ ነው። ዝም ካላችሁት ለሃያ ኩንታል የሚሆን ነገር ሠርቶ ይሰጣችኋል። "ጠንካራ ነው፣ አትስጋ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ጠንካራ ነው። ችግሩም ጥንካሬው ነው።

ባሌስትራውን፣ ማለትም ከጎማው በላይ ጭነቱን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች እንመልከት። የፒክአፕ ባሌስትራ እንዳለ ከተገጠመ 145 ኪሎ ጀልባ አያጎብጠውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉድጓድ ቀጥታ ቀፎዋ ላይ ይመታል። ፋይበርግላስ ደግሞ በአንድ ቀን አይሰበርም፤ በብዙ መንገጫገጭ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። እኛ ከባሌስትራው ላይ ቅጠሎች እያስወጣን ሞከርን። ሰው ተሳቢው ላይ ቆሞ ሲዘል ትንሽ ዝቅ ከፍ እስኪል ድረስ ቀነስን። በያጁ አዝኖብናል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ከውጭ የሚመጡ ትንንሽ የጀልባ ተሳቢዎች 8 ኢንች ቸርኬ ያላቸው አሉ። ያምራሉ፤ ለእኛ መንገድ ግን አይሆኑም። እንዲህ ያለው ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 770 ጊዜ ያህል ይዞራል። ባለ 13 ኢንቹ 550 ያህል ይበቃዋል። ብዙ በዞረ ቁጥር ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይግላል። በዚያ ላይ ትንሹ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ባለ 13 ኢንች ከሆነ ጎሚስታው ጋ አይጠፋም። ቆላ ድባ ላይ 8 ኢንች ጎማ ፈልጉና ታዩታላችሁ።

ሦስተኛው የፊቱ ዘንግ ርዝመት ነው። ረጅም ይሁን። ምክንያቱን ምሰሶው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ቀፎዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ደግሞ ባዶ ብረት እንዳይሆን። የቀፎውን ቅርጽ ተከትሎ የተቆረጠ እንጨት፣ ከላዩ ወፍራም ምንጣፍ ይሁንበት። ማረፊያዎቹን በተቻለ መጠን ወደ አግዳሚዎቹ አስጠጓቸው። ቀፎው ጠንካራ የሆነው እዚያ ነው።

የጋንቾ ኳስ ሁሉ አንድ አይደለም?

አይደለም! ጋንቾ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ነው፤ ኳሱ መኪናው ላይ፣ ኳሱን የሚይዘው አፍ ተሳቢው ላይ ነው። ኳሱ በዓይን አንድ ይመስላል። በብዛት የሚገኘው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ወይም ተሳቢ ግን 2 ኢንች ሊሆን ይችላል፤ ያ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላም አለ፣ 47.6 ሚሊ ሜትር የሆነ። ትንሹ ኳስ በትልቁ አፍ ውስጥ ገብቶ "ቀጭ" ብሎ ይዘጋል። አንድ ትልቅ ጉድጓድ እስኪመጣ ድረስ የተያዘ ይመስላል። ቁጥሩ ኳሱ ላይ ተቀርጿል፤ አፉ ላይም አለ። ዝገቱን ፈቅፍቃችሁ አንብቡት።

ከዘጋችሁ በኋላ የተሳቢውን አፍንጫ በክሪክ ወደ ላይ ግፉት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ሰንሰለቶቹን ከሥር አጣምራችሁ አስሩ፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ኳሱ ቢለቅ አፍንጫው መስቀሉ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልቱን አይወጋም።

ተሳቢው ለምን ይወዛወዛል?

ክብደቱ ወደ ኋላ ስለበዛ ነው። ሌላውን ምክንያት ኋላ ፈልጉ፤ መጀመሪያ ይህንን እዩ። ከጠቅላላው ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶው ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። ለ350 ኪሎ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይሆናል። ለመለካት የሰው ሚዛን ይበቃል። መሬቱ ደልዳላ ይሁን። ሚዛኑ ላይ እንጨት አቁሙና የተሳቢውን አፍንጫ በጋንቾው ቁመት ልክ አሳርፉበት። ካነሰ ጀልባዋን ትንሽ ወደ ፊት ሳቡ። ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች መግፋት እንኳ ለውጥ ያመጣል። ብዙ ጊዜ ሚዛኑን የሚያበላሸው ጀልባዋ ሳትሆን ኋላ የተወረወረው ጓዝ ነው። መልሕቅ፣ ጀሪካን፣ የምሳ ዕቃ።

እየነዳችሁ መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትርገጡ። መሪውንም እያመታችሁ ለማረም አትሞክሩ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ራሱ ይረጋል። ከዚያ ዳር ቁሙና ጭነቱን አስተካክሉ። "ቀስ ብዬ እደርሳለሁ" ብላችሁ እንዳለ አትቀጥሉ።

በምን ትታሰር?

ራቼት፣ ማለትም እየነቀነቁ የሚያጠብቁት መወጠሪያ ባለው የጭነት ቀበቶ። የናይለን ገመድ አይሆንም። ናይለን ይለጠጣል፤ ሲረጥብ ይብስበታል። ጠዋት ጠጥሮ የታሰረው ቀትር ላይ ይላላል።

ቀበቶው በአግዳሚዎቹ ላይ ይለፍ፤ አንዱ በፊተኛው፣ አንዱ በኋለኛው። በቀፎው ጀርባ ላይ አታሳልፉት። ራቼት ብዙ ጉልበት አለው፤ ቀፎውን ይጨፈልቀዋል። "በደንብ ይጥበቅ" የሚል ረዳት ካላችሁ ራቼቱን ከእጁ ቀሙት። በሦስተኛ ደረጃ ከቀፎዎቹ አፍንጫ ወደ ተሳቢው ፊት የሚወርድ ማሰሪያ ጨምሩ። ፍሬን ስትይዙና ስትነሡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት የሚይዛት እሱ ነው።

ቀበቶውን አንዴ ጠምዘዝ አድርጋችሁ እሰሩት። ዝርግ ከሆነ ነፋሱ እንደ ማሲንቆ ክር ያርገበግበዋል። ድምፁ ማናደዱ ብቻ አይደለም፤ ቀበቶው እየተፋተገ ያልቃል። ፀሐይም ትጨርሰዋለች። ቀለሙ የነጣ፣ ሲዳሰስ የደረቀ ቀበቶ ካያችሁ ለአህያ ጭነት ስጡት።

ከኋላ የሚንጠለጠሉትን መሪዎች አውልቃችሁ መኪና ውስጥ አስገቡ። የነፋስ ሸራውንም እንዲሁ። እኛ አዘዞን ወጣ እንዳልን እንቆማለን፤ 10 ኪሎ ሜትር ሳንሞላ። ሁልጊዜ አንዱ ቀበቶ ላልቶ እናገኛለን። ሁልጊዜ!

ምሰሶውስ እንዴት ይሄዳል?

ይህ ነው ዋናው ጣጣ። ጀልባዋ 5 ሜትር፣ ምሰሶዋ 8 ሜትር ናት። ምሰሶውን አውርዳችሁ፣ ከላይ አጋድማችሁ ትሄዳላችሁ። 3 ሜትሩ የት ይሂድ?

ወደ ፊት ከበዛ ስትታጠፉ የመኪናውን ጣሪያ ወይም የኋላ መስታወት ይመታል። ወደ ኋላ ከበዛ የሚከተላችሁን ባጃጅ ይወጋል። የተሳቢው የፊት ዘንግ ረጅም ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ዘንጉ ከቀፎዎቹ አፍንጫ 1.5 ሜትር ከወጣ፣ ምሰሶው እስከ ጋንቾው አካባቢ ድረስ ቦታ ያገኛል። የሚተርፈው 1.5 ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ይወጣል። ከፊት ቋሚ ብረት፣ ከኋላም ማረፊያ ያስፈልገዋል። ሦስት ቦታ እሰሩት። ምሰሶውን ወጥረው የሚያቆሙትን ሽቦዎች አንድ ላይ ሰብስባችሁ በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ያለዚያ ቀፎውን እንደ ሞረድ ይበሉታል።

ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ትልቅ ይሁን። አንዴ ቀይ ፌስታል አስረን ነበር፤ ቆላ ድባ ስንደርስ የቀረው ቋጠሮው ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ የምሰሶው ጭራ ወደ ግራ ይጠርጋል። ከተማ ውስጥ፣ በተለይ ፒያሳ አካባቢ፣ ባጃጅ ክፍተት ካየ ይገባል። ስለዚህ ከመታጠፋችሁ በፊት በግራ ስፖኪዮ እዩ፣ ፍሬቻ አስቀድሙ፣ በዝግታ ዙሩ። የሚሻለው ግን ከተማውን ጭራሽ አለመንካት ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ጥር 10 እና 11 ደግሞ ጥምቀት ነው። በእነዚህ ቀናት ጀልባ ይዞ የሚዞር ሰው አይታየኝም።

ኩሽኔታውን በየስንት ጊዜ ላሳየው?

በየጉዞው ንኩት። በዓመት አንዴ ደግሞ አስፈቱት።

ይህን የተማርነው ተቃጥለን ነው። መጀመሪያ ዓመት ላይ ተሳቢውን አንድ ጋራዥ አስገባነው። "ግሪስ ተሞልቷል" አሉን፤ አመንን። ቆላ ድባ ሳንደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ወንድሜ "ገበሬ ማሳ እያቃጠለ ነው" አለ። ወርደን ስናይ የግራው ጎማ መሃሉ ይጨሳል። ኩሽኔታው ደርቆ ፍርፋሪ ሆኗል። ከአዘዞ አዲስ ኩሽኔታ በሚኒባስ ተልኮልን እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ዋርካ ሥር ተቀመጥን። የአካባቢው ሰው ጠላ አቀረበልን፤ ክፉ ቀን አልነበረም። ግን ከዚያ ወዲህ "ተሞልቷል" ሲሉኝ "ክፈተውና ልየው" እላለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስትቆሙ የእጃችሁን መዳፍ የጎማው መሃል ላይ አሳርፉ። ሞቅ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ችግር አለ። አንዱ ጎን ከሌላው በጣም ከበለጠም እንዲሁ። ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሚንገጫገጭ ከሆነ ዳዶው ላልቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። መለዋወጫ ኩሽኔታ፣ ግሪስ፣ ክሪክና ስኮርታ ጎማ መኪናው ውስጥ ይኑሩ። የመኪናው ስኮርታ ለተሳቢው አይገጥምም፤ ለየብቻ ያዙ።

ስንት ልንዳ?

እኔ በደህና አስፋልት ከ60 አላልፍም። ጠጠር ላይ 30፣ አንዳንዴ 20። ጀልባ ጎትቶ የሚቸኩል ሰው ምን ሊያመልጠው ነው?

ከጎንደር ወደ አዘዞ ቁልቁለት ነው። ትንንሽ ተሳቢዎች የራሳቸው ፍሬን የላቸውም፤ የመኪናችሁ ፍሬን ሁለቱንም ያቆማል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉት፤ ተጭናችሁት አትውረዱ። ከፊት ያለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት በእጥፍ ጨምሩ። እርግጥ እጥፍ በተዋችሁ ቁጥር አንድ አይሱዙ ይገባበታል። እንደገና ተዉት።

ስትቆሙ ልጆች እንዳይንጠለጠሉ እዩ። ያ የተወጠረ ሸራ ለልጅ አልጋ ነው የሚመስለው። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሰው ወርዶ ዙሪያውን ይይ። ጯሂት ላይ አንድ ልጅ "አውሮፕላኑ ክንፉ የት ሄደ?" ብሎ ጠይቆኛል፤ ምሰሶውን አይቶ ነው መሰለኝ።

የተሳቢው መብራት ለምን ይጠፋል?

ማሳው ነው፤ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ፣ እንደ እኔ ልምድ። የማሳውን ሽቦ በጋንቾው ብረት ላይ አትተማመኑ፤ ራሱን የቻለ ሽቦ እስከ መኪናው ሳቡለት። ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ።

በክረምት ይኬዳል?

ባትሄዱ ይሻላል። የደምቢያ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ዋልካው ሲረጥብ ጎማ አይይዝም፣ ከጎማ አይለቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ጀልባዋን ሸፍነን እናስቀምጣታለን። ጎማዎቹ እንዳይሰነጣጠቁ ተሳቢውን በድንጋይ ከፍ እናደርገዋለን።

ጎርጎራ ስደርስስ?

ኩሽኔታው ትኩስ ሆኖ ተሳቢውን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ድንገት ሲቀዘቅዝ ግሪሱን በሚዘጋው ላስቲክ፣ በጎሚኒው በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግሪሱ ይበላሻል። ሻይ ጠጡ፣ ይብረድ።

መኪናውንም ውሃ ዳር ድረስ አትውሰዱ። ዳሩ ላይ ላዩን ደርቆ ሥሩ ጭቃ የሆነበት ቦታ አለ። 145 ኪሎ ለአራት ሰው ቀላል ነው። ደረቅ ቦታ ላይ አውርዷት፤ በእጅ በሚገፉ ትንንሽ ጎማዎች አድርጋችሁ ወይም ተሸክማችሁ አስገቧት።

ምሰሶውን ከማቆማችሁ በፊት ቀና በሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? 8 ሜትር አሉሚኒየም ነው የምታቆሙት። ሽቦውን ባይነካው እንኳ እየገፋችሁ ስትሄዱ ሊደርስበት ይችላል። ከሽቦ በጣም ርቃችሁ አቁሙ፤ ካቆማችሁ በኋላ ወደ ሽቦ አትሂዱ። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰው የሚገድለው ነገር ይህ ነው።

እምቦጩ ችግር አይሆንም?

ለጀልባዋም ለእኛም ችግር ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የሰሜንና የምሥራቅ ዳሩ፣ የደምቢያው ወገን ጭምር፣ ክፉኛ ተጎድቷል። ተሳቢ ደግሞ እምቦጭ ያመላልሳል። ብጣሽ ግንድ አክሰሉ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል፤ ሌላ ግድብ ወይም ኩሬ ላይ ሲወድቅ ይባዛል። ስለዚህ ከውሃ ስትወጡ እዚያው ዳር ላይ ልቀሙት። አክሰሉን፣ የቀፎ ማረፊያውን፣ የቸርኬውን ውስጥ፣ የመሪዎቹን መግቢያ እዩ። የቀፎዎቹን የኋላ ቡሽ ከፍታችሁ ውሃውን አፍስሱ። የለቀማችሁትን ወደ ሐይቁ አትመልሱት፤ ከውሃው ርቆ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ግቢያችሁ ስትደርሱ አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁት።

ወረቀት ይጠየቃል?

ትራፊክ ሊያስቆማችሁ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ለማየት ነው። ተሳቢውን ካሠራችሁ በኋላ ግን ሳትንቀሳቀሱ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስለ ታርጋውና ምርመራው ጠይቁ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሳችሁ ተሳቢውን ይሸፍን እንደሆነም በጽሑፍ ይንገሯችሁ። በቃል "ችግር የለም" መባል ምሰሶው የሰው መስታወት የሰበረ ቀን አይሠራም።

ስንት ሰዓት ልነሳ? ማታ መመለስስ?

ከመነሳታችሁ ቀደም ባለው ቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጎርጎራ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሡ። መንገዱ ላይ ከብት አይበዛም፤ ነፋሱም ከቀትር በኋላ ሳይበረታ ውሃ ላይ ትሆናላችሁ። ማታ አይነዳም። የምሰሶው ጫፍ ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ በጨለማ ማንም አያየውም። 10 ሰዓት ላይ ጀልባዋ ተሳቢው ላይ ካልታሰረች እዚያው እደሩ።

እየተጎተተች ሰው ላይዋ ቢቀመጥስ?

አይቀመጥም። አጎቴ በየጊዜው ይጠይቃል። አሁንም አይቀመጥም።